ስለ «ሞኒን» ሸክላ፦ የድምፁ ምንጭ በሽፋኑ ላይ ይጻፍልን

ግልጽ ደብዳቤ

የጃዝ ሸክላዎችን ደግማችሁ ለምታሳትሙ፣ ለምታከፋፍሉና ለምትሸጡ ድርጅቶች ሁሉ፤ እንዲሁም ሸክላ እየገዛችሁ ለምታዳምጡ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖቼ፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ አንድ ሸክላ ነው። አርት ብሌኪና ጃዝ ሜሴንጀርስ የተባለው የአምስት ሰዎች ባንድ ጥቅምት 20 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 1958፣ በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ሃከንሳክ በምትባል ከተማ የተጫወተውና ዛሬ በመጀመሪያው ዜማ ስም «ሞኒን» ተብሎ የሚታወቀው አልበም ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ። ይህ አልበም ከስድሳ ዓመታት በላይ በብዙ አገር፣ በብዙ እጅ ደጋግሞ ታትሟል፤ አሁንም እየታተመ ነው፤ መታተሙም ደስ ያሰኘኛል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሸክላው ከየትኛው ቴፕ ወይም ከየትኛው ቅጂ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራውና የት እንደታተመ በሽፋኑ ጀርባ ላይ በግልጽ ይጻፍልን።

በአማርኛ የጻፍኩት ይህን ሙዚቃ አብሬያቸው የማዳምጣቸው ሰዎች አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ነው፤ ነገሩም ወደ ኋላ እንደምገልጸው የራሳችንን ሸክላዎች ይነካል። ለድርጅቶቹ ትርጉሙን ለየብቻ እልካለሁ። የምኖረው በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ጓደኞቼ ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ሸክላ፣ ከቡናው በኋላ ሌላ ሸክላ እናዳምጣለን። «ሞኒን» ከማንኛውም ሸክላ ይልቅ በዚህ ቤት የተጫወተ ነው።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከአውሮፓ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይህንኑ አልበም አዲስ የታተመውን በስጦታ አመጣልኝ፤ የኔው ማርጀቱን አይቶ ነበርና። በፕላስቲክ እንደታሸገ ነው፤ ሸክላው 180 ግራም እንደሚመዝንና ጥራቱ የላቀ እንደሆነ የሚናገር ተለጣፊ ፊቱ ላይ አለበት። ሽፋኑን ሳየው ግን የብሌኪ ፊት ከሌላ የታተመ ሽፋን ላይ እንደገና የተነሣ መሆኑ ያስታውቃል፤ ጥላው ደፍርሷል፣ የፊደላቱ ጠርዝም ጥራቱን አጥቷል። ጀርባውን አገላብጬ ባነብ የዜማዎቹ ዝርዝርና የተጫዋቾቹ ስም አለ፤ ስለ ቴፕ፣ ስለ ባለሙያ፣ ስለ ማተሚያ ቤት ግን አንዲት ቃል የለችም። እሑድ ደርሶ መርፌውን ስናሳርፍ ዜማው ያው ነው፤ ሰዎቹ ግን የራቁ መሰሉን። ሲምባሉ፣ ማለትም የድራሙ የናስ ሳህን፣ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ቤዙ አብጦ ጣቱ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ነገር ጠፍቷል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሌኪ ከዝግታ ተነሥቶ ወደ ነጎድጓድ የሚያደርሰው የድራም መንደርደር ከመነሻውም እስከ መድረሻውም በአንድ ጉልበት የሚጮህ ሆነ። ከጓደኞቼ አንዱ፣ ስለ ማጫወቻና ስለ መርፌ ምንም የማያውቀው፣ «ዛሬ ሰውየው ደክሞታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለአሳታሚው በትሕትና ጻፍኩ፤ ሸክላው ከምን እንደተሠራ ብቻ ነበር የጠየቅሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ መልስ «ከሚገኘው ምንጭ ሁሉ ከተሻለው» የሚል ነበር። የድርጅቱን ስም አላነሣም፤ ይህን መሰል መልስ የሚሰጠው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች አድማጮች ሰምቻለሁና። ነገር ግን ያ መልስ ለእኔም፣ ገንዘቡን ለከፈለው ወንድሜም፣ ከሁሉም በላይ ለአምስቱ ተጫዋቾች የሚገባ አይደለም። ለምን እንደማይገባ ለማስረዳት ስለ ቀረጻው ቀን ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ሙዚቃው የተቀዳበት ቦታ ስቱዲዮ ይባል እንጂ የባለሙያው የሩዲ ቫን ጌልደር ወላጆች ቤት ሳሎን ነበር። ቫን ጌልደር በዚያን ጊዜ መተዳደሪያው የዓይን ምርመራና የመነጽር ሥራ ነው፤ ከሥራው በተረፈው ሰዓት በዚያ ሳሎን ውስጥ የአሜሪካን ጃዝ ድምፅ ቀረጸ። በሚቀጥለው ዓመት በ1959 ኢንግልዉድ ክሊፍስ ወደሠራው ትልቅ ስቱዲዮ ስለተዛወረ፣ «ሞኒን» የዚያ ሳሎን የመጨረሻ ዘመን ልጅ ነው ለማለት ይቻላል። አሳታሚው ብሉ ኖትን በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ ካቋቋሙት አንዱ አልፍሬድ ላየን የተባለ ከበርሊን የተሰደደ ሰው ነበር፤ የድርጅቱ ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንሲስ ዎልፍም የበርሊን ልጅና የልጅነት ጓደኛው ነው። የሽፋኑን ንድፍ ሪድ ማይልስ፣ የጀርባውን ጽሑፍ ሊዮናርድ ፌዘር ሠሩት። እነዚህ ሰዎች የሠሩትን ሁሉ በስም ይፈርሙበት ነበር። የዚያ ዘመን ሽፋን ጀርባ ላይ ማን እንደቀዳው፣ ማን ፎቶውን እንዳነሣው፣ ማን ንድፉን እንዳወጣው ተጽፎ ይገኛል። እኔ የምጠይቀው አዲስ ልማድ እንዲጀመር ሳይሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አሳታሚዎች ያከበሩት ልማድ ደግመው በሚያሳትሙትም እንዲከበር ነው።

ከአምስቱ ተጫዋቾች አራቱ የፊላደልፊያ ልጆች ናቸው፤ ድራም የሚመታው መሪያቸው ብሌኪ ብቻ ከዚያው ክፍለ ግዛት ከፒትስበርግ ነው። ትራምፔት ነፊው ሊ ሞርጋን ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። ፒያኖ የሚጫወተው ቦቢ ቲሞንስ ሃያ ሦስተኛውን አልደፈነም። ቴነር ሳክስፎን የሚነፋው ቤኒ ጎልሰን ሃያ ዘጠኝ፣ ቤዝ የሚመታው ጂሚ ሜሪት ሠላሳ ሁለት፣ ብሌኪም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ጎልሰን ወደ ባንዱ እንደገባ የሙዚቃ አደራጅነቱን ሥራ ያዘ፤ ሦስቱን የአገሩን ልጆች ለብሌኪ ያገናኘውም እሱ ነው። ከስድስቱ ዜማዎች አራቱ የእሱ ድርሰቶች ናቸው። ጎልሰን የተማረው እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ለወገኖቼ ማስታወስ እወዳለሁ፤ ዛሬ እኛ እንጀራ ልንበላ ከምንሰበሰብበት ከዩ ስትሪት ሰፈር በእግር የሚደረስ ቦታ ነው።

ስለ መጀመሪያው ዜማ ጎልሰን በሕይወት ሳለ ደጋግሞ የተናገረው ታሪክ አለ። ቲሞንስ በመድረክ ላይ በዜማና በዜማ መካከል እጁን ለማፍታታት የሚነካካት አጭር ሐረግ ነበረችው፤ ለእሱ ቁም ነገር አልነበረችም። ጎልሰን ግን ሰምቶ፣ መሸጋገሪያ ክፍል ጨምርባትና ሙሉ ዜማ ትሁን ብሎ አስገደደው፤ ባንዱ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ በነበረበት ጊዜ ፒያኖው ዘንድ አስቀምጦ አስጨረሰው። በዚያው ምሽት ለታዳሚ ሲጫወቱት ሕዝቡ ወደደው። የዜማው አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፒያኖው ብቻውን አንድ ሐረግ ያወርዳል፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንድ ላይ በሁለት ድምፅ «አሜን» ብለው ይቀበላሉ፤ ደግሞ ያወርዳል፤ ደግሞ ይቀበላሉ። ቲሞንስ በቄስ አያቱ እጅ ያደገና በቤተ ክርስቲያን ፒያኖ የተጫወተ ልጅ ነበር፤ ስለዚህ «አሜን» የሚለው ለምሳሌ ያህል የተባለ ሳይሆን በርግጥም የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የአሜን ኅብረ ድምፅ ነው። ከቅዳሴ ወጥተን የመጣን ሰዎች ይህን ስንሰማ «ይበል ካህን፣ ይበል ሕዝብ» የሚለውን ሥርዓት ማስታወሳችን አይቀርም። ሃርድ ቦፕ የሚባለው የዚህ ጃዝ ስልት ሙያም ይህ ነው፤ ከ1940ዎቹ ወዲህ የረቀቀውንና የፈጠነውን፣ ቢቦፕ የሚባለውን የጃዝ ስልት ሳይተው፣ የብሉዝን ኀዘንና የቤተ ክርስቲያኑን ምላሽ ወደ ውስጡ መለሰ።

ከዚያ በኋላ ሊ ሞርጋን ብቻውን ይነሣል። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ያንን ያህል እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር መስማት እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። እሱ ሲጨርስ ጎልሰን የራሱን ነገር ወዲያው አይጀምርም፤ የሞርጋንን የመጨረሻ ሐረግ ከእጁ ተቀብሎ፣ እሷኑ አዙሮ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን መቀባበል ለመስማት አድማጩ ሁለቱ ነፊዎች በአንድ ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን መቆማቸው ሊሰማው ይገባል። ብሌኪ ከታች በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ሃይሃቱን፣ በእግር የሚገጣጠሙትን ሁለት ሲምባሎች፣ ሲዘጋ የሚወጣው ድምፅ ዜማውን ሁሉ እንደ ምሰሶ ይዞታል፤ ምሰሶው ከተንኮሻኮሸ ቤቱ ይላላል።

ሌሎቹንም በአጭሩ ላንሣ። ሁለተኛው ገጽ የሚጀምርበት የድራም ስዊት ብሌኪ ጫፉ በጨርቅ የተሸፈነ የድራም ዱላ በሰፊው የሚጠቀምበት ሥራ ስለፈለገ ጎልሰን የጻፈው ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። «ብሉዝ ማርች» በሰልፍ ምት ይነሣል፤ ጃዝ በወታደር ሰልፍ ምት አይሄድም የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ብሌኪ እንዲሄድ አደረገው፤ እስኪሞትም ድረስ በየመድረኩ ተጫወተው። የመጨረሻው ሃሮልድ አርለንና ጆኒ ሜርሰር በ1946 ለቲያትር የጻፉት ዘፈን ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ለሸክላ የተመቸ አልበም ነው፤ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሳይጣበብ በቂ ጉልበት ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። በሲዲ እትሞች ላይ የተጨመሩ ሌሎች ቅጂዎች አሉ፤ በሸክላው ላይ ግን ስድስቱን በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ተዉልን፤ ጭማሪ ዜማ አምጥቶ ገጹን ማጣበብ ለአድማጭ ውለታ አይሆንም።

ይህ አምስትነት ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አውሮፓ ተጉዘው በፓሪስ ተጫወቱ፤ በ1959 ጎልሰን ለቀቀ። ሞርጋን በ1972 በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ በሚጫወትበት ክለብ በጥይት ተገደለ። ቲሞንስ በ1974 በሠላሳ ስምንት ዓመቱ አረፈ። ብሌኪ በ1990፣ ቀረጻውን የሠራው ቫን ጌልደር በ2016፣ ሜሪት በ2020 አረፉ። የመጨረሻው ጎልሰን በሴፕቴምበር 2024 በዘጠና አምስት ዓመቱ ሲያርፍ በዚያ ሳሎን ውስጥ ከተጫወቱት አምስት ሰዎች አንድም አልቀረም። እንግዲህ ያንን ቀን የሚመሰክረው ቴፑ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስለ ቴፕ የምጽፈው።

ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳ። ባለሙያው ቴፑን እያጫወተ፣ በአሉሚኒየም ላይ ላከር የተባለ ቅብ በተቀባ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ቦዩን በመርፌ ይፈለፍላል። ያ ሰሌዳ በብር ይቀባል፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለበሳል፤ ከኒኬሉ ማኅተም ይወጣል፤ ማኅተሙ የጋለውን ፕላስቲክ ተጭኖ ሸክላውን ያወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ የሰው ውሳኔ አለ። ቤዙን ምን ያህል ልተወው? ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ምን ያህል ላቀራርበው? ቫን ጌልደር ራሱ በ1950ዎቹ ሲፈለፍል፣ የዚያን ዘመን ርካሽ ማጫወቻዎች መርፌ ከቦዩ እንዳይዘል ብሎ ቤዙን ይገታው፣ ድምፁንም ያጠብቀው ነበር። ስለዚህ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የመጀመሪያ እትም፣ በመጨረሻው ባዶ ቦታ ላይ አር ቪ ጂ የሚሉት ፊደላትና ጆሮ የሚመስለው የፕላስቲላይት ማተሚያ ቤት ምልክት ያለበት፣ የታሪክ ቅርስ ቢሆንም የቴፑ ሙሉ ድምፅ አይደለም። በእኔ እምነት ዛሬ ከዋናው ቴፕ በጥንቃቄ የተፈለፈለ ሸክላ ከመጀመሪያው እትም ሊበልጥ ይችላል። ብሉ ኖት ራሱ በቅርብ ዓመታት ባወጣው እትም ባለሙያው ኬቨን ግሬይ ከዋናው ቴፕ እንደፈለፈለው አስታውቋል፤ ዋጋውም ተራ አድማጭ የሚችለው ነው። ይህ መልካም ምሳሌ ነው፤ እንዲህ በስም መናገር እንደሚቻልም ያሳያል።

ታዲያ ያ የወንድሜ ስጦታ ከየት መጣ? ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቀረጻ መብት ለ50 ዓመት ይቆይ ነበር፤ በ2011 በወጣ መመሪያ ወደ 70 ዓመት ከፍ ሲል፣ ጊዜያቸው ቀድሞ ያለቀባቸውን ቅጂዎች ግን ወደ ጥበቃ አልመለሰም። ስለዚህ ከ1963 በፊት የወጡ ቀረጻዎች በዚያ ነጻ ናቸው፤ የሃርድ ቦፕ ወርቃማ ዓመታት ከነምርጦቻቸው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በአሜሪካ ግን በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1957 እስከ 1972 መጀመሪያ የወጡ ቀረጻዎች እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ድረስ የተጠበቁ ናቸው። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ የቀረጻው መብት በአውሮፓ ማንንም ሰው «ሞኒን»ን ከማሳተም አይከለክልም፤ ቴፑ ግን በባለቤቱ መጋዘን ውስጥ ነው፤ መብቱ ቢያልቅም ቴፑን የማግኘት መብት አብሮ አይመጣም። ቴፑን የማያገኝ አሳታሚ ሸክላውን ከሲዲ፣ ከኮምፒውተር ፋይል ወይም ከሌላ አሮጌ ሸክላ ከመሥራት በቀር አማራጭ የለውም።

ይህን ማድረግ ክልክል ነው አልልም። በርካሽ ዋጋ ለተማሪ የሚደርስ ሸክላ ጠቀሜታ አለው፤ ከሲዲ ተሠርቶም ቢሆን ሊ ሞርጋንን የሚያስተዋውቅ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን «ከሲዲ የተሠራ» ብሎ ይጻፍ። 180 ግራም የሚለው ተለጣፊ ስለ ፕላስቲኩ ክብደት እንጂ ስለ ድምፁ ምንም አይናገርም፤ በምንጩ ቦታ ክብደቱን መጻፍ ገዢውን ወደማይሆን እምነት መምራት ነው። ሌላም ነገር አለ። የቀረጻው ጊዜ ቢያልቅም የድርሰቱ መብት አላለቀም፤ በአውሮፓ ደራሲው ካረፈ በኋላ 70 ዓመት ይቆያልና የቲሞንስ እስከ 2044፣ የጎልሰን እስከ 2094 መጨረሻ ድረስ ነው። ከእያንዳንዱ ሸክላ ለእነዚህ ሰዎች ወራሾች የሚገባው መከፈሉንም በዚያው ጀርባ ላይ በአንድ መስመር ብትገልጹልን ገዢው በሰላም ይገዛል።

በ2022 በአሜሪካ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በጥራቱ የታወቀ አንድ የሸክላ አሳታሚ ከዋናው ቴፕ በቀጥታ የተሠሩ ናቸው ተብለው የሚታመኑ ሸክላዎቹን ለዓመታት በዲጂታል ቅጂ በኩል አሳልፎ ይሠራ እንደነበር ታወቀ፤ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ልዩነቱን መስማት ካልቻላችሁ ምን አስቆጣችሁ?» ብሎ ነበር። የቁጣው ምክንያት ዲጂታል መጥፎ መሆኑ አይደለም፤ ለመልካም ባለሙያ ዲጂታል ቅጂም መልካም መሣሪያ ነው፤ የተዳከመ ቴፕም ከመደጋገም ጉዳት ይድናል። ሰው የተቆጣው ስላልተነገረው ነው። ምግብ ቤት ገብቶ የበግ ጥብስ ያዘዘ ሰው የፍየል ቢቀርብለትና ቢጣፍጠው እንኳ፣ የበላውን ማወቅ መብቱ ነው።

ለአሳታሚዎች የሥራው ክብደት እንደሚገባኝ መግለጽ እፈልጋለሁ። በፌብሩዋሪ 2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ባኒንግ በምትባል ከተማ የነበረው የላከር ሰሌዳ ፋብሪካ በእሳት ሲወድም፣ በዓለም ላይ የዚህ ሰሌዳ ሠሪ ሆኖ በጃፓን ያለው አንድ ድርጅት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሸክላ የሚያትሙ መሣሪያዎች አርጅተዋል፤ ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው። ይህን ሁሉ ተቋቁማችሁ በመሥራታችሁ አመሰግናለሁ። የምጠይቃችሁ መስመር ግን ወጪ የለውም። «ከዋናው ባለ ሁለት ቻናል ቴፕ የተፈለፈለ»፣ ወይም «ከዲጂታል ቅጂ»፣ ወይም «ቴፑ ባለመገኘቱ ከሸክላ የተወሰደ» የሚል፤ የባለሙያው ስም፤ የማተሚያ ቤቱ ስም፤ ዓመቱ። አልበሙ በመጀመሪያ በሞኖም (በአንድ ቻናል) በስቴሪዮም (በሁለት ቻናል) ወጥቷልና፣ የሞኖ እትም ስታወጡ ራሱን ከቻለ የሞኖ ቴፕ ይሁን ወይም ሁለቱ ቻናሎች ተደምረው የተገኘ ይሁን ብትነግሩን፣ አንድ ሌላ ውዥንብር ይቀራል። የፌዘርን ጽሑፍ በሚነበብ ፊደል አትሙት። ሽፋኑን ከሌላ ሽፋን ከምትቀዱ ፎቶውን ከባለቤቱ ጠይቁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» ብሎ በሰየመው ባንድ ሁለት ሸክላ አውጥቷል፤ እነዚያም በ2018 እንደገና ታትመዋል። አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው የሸክላ ድርጅት እስከ 1975 ድረስ የወጡት ዘፈኖች ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ተከታታይ እትም ለዓለም ደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ እየታተሙ ነው። በውጭ ያለን ሰዎች እነዚህን ሸክላዎች በናፍቆት እንገዛለን፤ ሽፋኑ ላይ የአማርኛ ፊደል ሲታየን ሌላ ነገር አንጠይቅም። መጠየቅ ግን አለብን። ይህ ዘፈን ከቴፕ ነው ወይስ በአንድ ሰው ቤት ከተገኘ አሮጌ ባለ 45 ዙር ሸክላ? ዘፋኙና ተጫዋቾቹ ወይም ወራሾቻቸው ያውቃሉ? ስለ ብሌኪ ሸክላ የማልታገሠውን ዝምታ ስለ አገሬ ሙዚቃ ብታገሥ ነውር ይሆንብኛል።

ወገኖቼ ሆይ፣ ስትገዙ ሽፋኑን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። ምንጩ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁት፤ ሻጩ ካላወቀ ለአሳታሚው ይጻፍላችሁ። ሸክላውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ዜማው ካለቀበት እስከ ወረቀቱ ድረስ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጻፈውን ፊደል ተመልከቱ፤ የባለሙያው ምልክት ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ስጦታ የሚገዛላችሁ ወንድም ካለም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ወንድሜን ስለ ስጦታው አልወቀስኩትም፤ ያ ሸክላ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው። አጠገቡ ከዋናው ቴፕ የተሠራውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ለዚያ ለጻፍኩለት አሳታሚ ይህን ደብዳቤ ከትርጉሙ ጋር በዚህ ሳምንት በፖስታ እልካለሁ፤ የሚቀጥለው እትሙ ሲወጣም ጀርባውን ለማንበብ እገዛዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሸክላ አድማጭ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ